የቆርቆሮ ጆሮ የታደለበት ዓመት

ሰው ዝም ሲል ምን ሆነ ይባላል? ራበው? ታመመ? ወይስ ጠገበ? ይህን ጥያቄ ራሴን ከጠየቅኩ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ፤ መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የአገራችንን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ስለ ዝምታ ግን ያስተማረን መምህር አልነበረም። «ዝም በሉ!» ያላሉን ቀንም አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በእኛ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ስም ከጻፍኩ አንዱ ተነሥቶ «እኔን ነው ያለችው» ይላል፣ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ሙግት አልገጥምም።

የልጅ ልጄ እጹብ ኮረብታው ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እናቷ በሌላ ከተማ ስለምትሠራ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በልጅነቷ ወሬዋ አያልቅም ነበር፤ ጎረቤቶቼ «እባክዎ ይህችን ሬዲዮ ይዝጉልን» ይሉኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ እዚያው ማደር ስትጀምር ቤቱ ጭር አለብኝ፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች የሳምንቱን ሁሉ ትዘረግፍልኛለች፤ እኔም በመሃል በመሃል እየገባሁ አስተካክልላታለሁ።

አንድ ሰኞ፣ በዓመቱ አጋማሽ ላይ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክማ መጣች። አንዱ የራሷ ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፣ አላውቀውም። «እቴቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የማድረው» አለች። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ አለቀ። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

የአረንጓዴው ጠርዝ ላይ በቀይ ክር «ውብርስት» የሚል ስም ተጠልፏል።

«የጓደኛሽ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እሷ ምን ለብሳ ትተኛለች? ይሄ ብርድ ልጅ ይገድላል እኮ! የተጣላችሁ እንዳትሆኑ ብቻ። ተጣልታችሁ ነው አይደል? በቃ፣ ልጅ ይጣላል ይታረቃል።»

ብርድ ልብሱን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እጹብ ከትምህርት ስትመለስ ገመዱ ላይ አየችው፤ ጠጋ ብላ አሸተተችውና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ያን ቀን ራቷን አልነካችም። ሳሙናው ነው ብዬ ሳሙና ቀየርኩ።

ጠዋት ጠዋት በሶ በጣሳ ሞልቼ እሰጣታለሁ፤ ማታ ጣሳው እንደ ሞላ ይመለሳል። ክዳኑ ላይ ያደረግኩት የጣቴ ምልክት እንኳ አይጠፋም። ጠዋት ስትወጣ ቃል አይወጣትም። እኔም ነጠላዬን አንሥቼ፣ እንዳታየኝ በአጥር ጥግ በአጥር ጥግ፣ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር እከተላታለሁ። ለምን እንደምከተላት ለራሴም አልነገርኩትም።

እዚህ ላይ የከተማችንን ልማድ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ያለ ምስክር ወረቀት የሚሠራ ሥራ የለም። መንገድ የሚያሳይ ሰው እንኳ ምስክር ወረቀት አለው። አንድ ጊዜ እንግዳ ሰው የገበያው መንገድ ጠፍቶበት ገበያው መሃል ሦስት ቀን ቆሟል፤ መንገድ አሳዩ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። አይተን አዘንን። ግን ማን ደፍሮ ጣቱን ይቀስራል?

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ታዲያ ተማሪዎቹ ማዘናቸው ተሰማ። የተሰማውም ከምግብ ቤቱ ነው፤ ትራፊ በዛ። የዩኒቨርሲቲው ሹሞች ሐዘን የሚመለከተው የጥገና ክፍሉን ነው ወይስ የአትክልት ክፍሉን ብለው አሥራ አንድ ቀን ተቀመጡ። ተማሪዎቹን እንጠይቅ ያለ አንድ ሰው ነበር አሉ፤ ፈተና ላይ ስለሆኑ አይረበሹ ተብሎ ቀረ። በመጨረሻ ሠራተኛ የተባለ ሁሉ፣ ከመምህር እስከ ወጥ ሠሪ፣ ማድመጥ ይሠልጥን ተባለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው ተለጠፈ።

በማን ላይ ይለማመዱ? በእውነተኛ ተማሪ ላይ ተለማምደው ቢበላሽ ወላጅ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ጆንያ ጭድ ተሞላ፤ ኮት ለበሰ፣ ደብተር በብብቱ ተሸጎጠለትና ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስሙን ጭዱ አሉት። ሠልጣኙ ከጭዱ ፊት ይቀመጣል፣ ራሱን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ እስከ ሦስት ይቆጥራል፣ «ይገባኛል» ይላል። ደግሞ ይቆጥራል፣ ደግሞ «ይገባኛል» ይላል። በሦስተኛው አንድ ወረቀት ሰጥቶ ያሰናብታል። ይህን ሳይሳሳት የሠራ ደረቱ ላይ የሚሰካ የቆርቆሮ ጆሮ ይሸለማል። ደጋግሞ ያለፈ ሁለት፣ ሦስት ይሰካል። አራት ጆሮ የነበራቸው አንድ ፕሮፌሰር ሲራመዱ እንደ በቅሎ ቃጭል ይሰማሉ ይባል ነበር።

ሥልጠናው ውጤት አመጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ ተማሪ ፊቱን ከቋጠረ አምስት ሰው ከየአቅጣጫው ራሱን ያዘነብልበታል። ተማሪዎቹም በበሩ ሲያልፉ ጮክ ብለው መሳቅ ለመዱ። ክሊኒኩ አንገታቸው በደነደነ ሠራተኞች ስለ ተጨናነቀ ለተማሪ ተራ አልደርስ አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የቆርቆሮው ደግሞ ለባለቤቱም ለሰውም ባዳ ነው።

እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን ሁሉ እንደ ቁም ነገር ነበር የምሰማው። የበሶው ጣሳ ለሃያኛ ጊዜ ሞልቶ ሲመለስ ደህና ቀሚሴን ለብሼ የማድመጥ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወደሆኑት ወደ አቶ ሰይፈሚካኤል ሄድኩ። ሦስት ጆሮ የሰኩ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር ሳቡልኝ፤ ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ።

«የልጅ ልጄ አትናገርም» አልኳቸው።

«ይገባኛል።»

«ምግብም አትበላም።»

«ይገባኛል፣ እናቴ።»

«እፈራለሁ። ምን እንደምፈራ አላውቅም እንጂ እፈራለሁ።»

ሦስተኛውን «ይገባኛል» ብለው ወረቀት ሊሰጡኝ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ ቆም አሉ። «አትናገርም ነው ያሉኝ? ፈጽሞ?»

«ፈጽሞ።»

«ታለቅሳለች?»

«አላየሁም።»

«አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ትችላለች? ለምሳሌ ለስድስት ሰዓት?»

ለካ በዚያ ሳምንት ጭዱ ታሞ ኖሯል። አይጥ ሆዱ ውስጥ ወልዳለች። አንድ ዲን እየተፈተኑ ሳለ አንዲት አይጥ በኮቱ አንገት ብቅ ብላ አየቻቸው፤ ዲኑ ደንቡን አልሳቱም፣ «ይገባኛል» አሏት። አለፉ። ጆንያው ግን ተቃጠለ።

አቶ ሰይፈሚካኤል እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እናቴ፣ ልጅዎን ለእኛ ይተዉልን። በቀን ሠላሳ ስድስት ሰው ያዳምጣታል» አሉኝ።

ሠላሳ ስድስት! ጉልበታቸውን ልስም ትንሽ ቀረኝ።

ስወጣ በሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ሰሌዳ አየሁ፤ ከላይ «የዳኑ» ይላል። ደንቡ እንዲህ ነው አሉኝ፤ ወደ ባለጆሮዎቹ መጥቶ የነበረ ተማሪ ደግሞ ካልመጣ ድኗል ማለት ነው፣ ስሙ ይጻፋል። ዝርዝሩ ረጅም ነው። አንደኛው መስመር ላይ፣ ባማረ እጅ፣ «ውብርስት» ይላል።

«ይህችንማ አውቃታለሁ!» አልኩ። «ብርድ ልብሷ እኛ ቤት ነው። ከዳነች መጥታ ትውሰዳ!»

«የመጀመሪያዋ ናት» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል፣ ሰሌዳውን እንደ ልጅ ራስ እየዳበሱ። «አምስት ጊዜ መጣች፤ ስድስተኛ አልመጣችም። ስሟን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።»

ቤት ገብቼ ለእጹብ አበሠርኳት። «ጓደኛሽ ድናለች! ስሟ ከሁሉ በላይ ተጽፏል፣ ባይኔ አየሁት።» እጹብ ዓይኗን ፊቴ ላይ ተከለችው። ከዚያ ወጥታ ግቢው ውስጥ፣ የልብስ መስጫው ገመድ ሥር፣ ካፊያው እየመታት ተቀመጠች። «ግቢ! ጉንፋን ነው የሚይዝሽ!» ብዬ ጮህኩ። ከጉንፋን ሌላ የማውቀው በሽታ አልነበረኝም።

እንዲህ ሆና እጹብ በጭዱ ወንበር ሦስት ወር ተቀመጠች። ጠዋት ትገባለች፣ ሠላሳ ስድስት ሰው በተራ ራሱን ያዘነብልላታል፣ ማታ ትወጣለች። ሁሉም አለፉ። ከጭዱ ትሻላለች ተባለላት፤ አትፈርስም። እኔም ጎረቤት ሁሉ ዘንድ እየዞርኩ «የእናንተን ልጆች በቀን ስንት ሰው ያዳምጣቸዋል?» እላቸው ነበር። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ «ለላቀ ዝምታ» የሚል ምስክር ወረቀት ሰጧት። በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ልጅቷ ግን ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ ሄደ፤ ጣሳውም እንደ ሞላ ይመለሳል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት በአጥር ጥግ መከተሌን አልተውኩም።

ከዚያ አንድ ቀን ጣሳው ባዶ መጣ።

አሸተትኩት። ደፍታው ነው አልኩ። በማግሥቱ ደግሞ ስከፍተው ውስጡ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አለ። ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብሎ የሚያምን ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። ማን ነው? ደግ ነው? ክፉ ነው? ለልጄ ቆሎ የሚሰጥ ምን ፈልጎ ነው? በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከአጥሩ ጥግ ወጥቼ በሩ ድረስ ሄድኩ። የዘበኛው ቤት ደፍ ላይ የእኔ ጣሳ ታጥቦ ተደፍቷል።

ዘበኛው ቢያድግልኝ ይባላል፤ ሃምሳ ያለፈው፣ ወፍራም ካፖርት የማይለየው ሰው ነው። ደረቱ ላይ አንድም ጆሮ የለም።

«አንተ! ጆሮህ የት አለ?» አልኩት።

«ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው፣ እትዬ። ቆርቆሮውን ከሆነ ከልክለውኛል። ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ።»

«ሦስት ጊዜ! ለአይጥ ‹ይገባኛል› ያለ ሰው ያለፈበትን ፈተና?»

«መጀመሪያ ላይ ጆንያውን ‹ምሳ በልተሃል?› አልኩት፣ ከደንብ ውጭ ነው ብለው ጣሉኝ። ሁለተኛ ኮቱ ተቀዶ አይቼ መርፌ አምጡ አልኩ፣ ጣሉኝ። ሦስተኛው ላይ የእርስዎ ልጅ ተቀምጣለች። ‹ይገባኛል በል› ይሉኛል። እትዬ ይሙቱ፣ ልጅቷ እኮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም! ምኑ ነው የሚገባኝ? ‹ልጄ፣ እኔ ምንም አልገባኝም› አልኳት።»

«እና?»

«ወደቅኩ።»

«እሷስ?»

«እሷማ ቀና ብላ አየችኝ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጣሳዋን ይዛ መጥታ እዚህ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። በሶውን በጠበጥነው፣ ጠጣነው። ማር ቢጤ ቢጨምሩበት ግን ጥሩ ነው፣ እትዬ።»

«ትናገራለች?»

«ትናገራለች ወይ ይሉኛል! እያወራች በር መክፈት አስረሳችኝ እኮ፤ አንድ ዲን ዝናብ ላይ ቆመው ቀሩብኝ።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ምን አለችህ? ምን ሆንኩ አለችህ?»

«እሱን ከእሷ ይስሙት። እኔ በር ነው የምጠብቀው፣ ወሬ አላቀብልም።»

«እኔ አያቷ ነኝ! ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ!»

ቢያድግልኝ መሬት መሬቱን አየ። «አይቀየሙኝ እንጂ፣ ‹እቴቴ ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ራሷ ትመልሰዋለች› ብላኛለች።»

እኔ! እኔ መቼ ነው እንዲህ አድርጌ የማውቀው? ደግሞስ ብመልስ ልጅቷን ላለማስጨነቅ ነው እንጂ ለሌላ ነው? ከበሩ እስከ ቤቴ ድረስ ለፍላፊ አለመሆኔን ለራሴ ስለፈልፍ ሄድኩ። በራፌ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ።

በማግሥቱ እጹብ አልሄደችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አረንጓዴውን ብርድ ልብስ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። አራት ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ በሩ ተንኳኳ። አቶ ሰይፈሚካኤል ናቸው፤ ጃንጥላቸውን በር ጥግ አቁመው ገቡ።

«ምነው ቀረች? የዲኖቹ የወርቅ ጆሮ ፈተና እኮ ዛሬ ነው! አርባ አንድ ሰው እየጠበቃት ነው» አሉ፣ አንገታቸውን እያሹ።

እጹብ ከመኝታ ቤት ወጣች። «አልሄድም» አለች።

አቶ ሰይፈሚካኤል ደነገጡ። የማትራገጥ ላም ናት ብሎ ተራጋጭ እንደ ሸጠላቸው ሰው አዩኝ። «ትናገራለች እንዴ?» አሉኝ።

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ደክሟት ነው፣ ትንሽ ብርድ መትቷት ነው፣ ነገ ትመጣለች፤ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፏል። የነጠላዬን ጫፍ ጎረስኩና ነከስኩት። ከዚያ ተፋሁትና እንዲህ አልኩ፦

«እጹብዬ፣ እኔ አልገባኝም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አራት ጊዜ ልናገር ብዬ አራት ጊዜ ነጠላዬን ነከስኩ። እጹብ ብርድ ልብሱን አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፤ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እቴቴ፣ ውብርስት አልዳነችም» አለች።

«ይገባ…» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል፤ ራሳቸው ከልማዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል።

«አንድ ክፍል ነበርን። ሌሊቱን አትተኛም፣ ‹ግድግዳው ይጫነኛል› ትለኛለች። ወደ ባለጆሮዎቹ ሂጂ አልኳት፤ እኔ ነኝ የላክኳት። አምስት ጊዜ ሄደች። አምስት ወረቀት ሰጧት። በአምስተኛው ስትመጣ እኔ ለፈተና እያጠናሁ ነው። ‹እጹብ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ› አለችኝ። እኔ ምን አልኳት መሰለሽ?»

አልመለስኩም። እንዴት እንደከበደኝ!

«‹ይገባኛል› አልኳት። ቀና እንኳ አላልኩም። ደግሞ ልትናገር ስትል ደግሜ ‹ይገባኛል፣ ይገባኛል› አልኳት። ጠዋት ስነቃ የለችም። ብርድ ልብሷ ታጥፎ እኔ እግርጌ ተቀምጧል። ልብሷ አለ፣ ጫማዋ አለ። የት እንደሄደች እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። የፅዳት ሠራተኛዋ የውብርስትን አልጋ ለሌላ ልጅ አነጠፈችው።»

ብርድ ልብሱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሳሙና ሳሙና ይላል። ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት።

«አባቷ ከገጠር መጡ» አለች እጹብ፤ አሁን የምታየው እኔን አልነበረም። «በእግራቸው ነው የመጡት። ‹ልጄ የት አለች?› ሲሉ ወደ ሰሌዳው ወሰዷቸው። ማንበብ አይችሉም። አንድ ባለሦስት ጆሮ ሰውዬ አነበቡላቸው። ‹ደስ ይበልዎ፣ ድናለች› አሏቸው። አባቷ ሰሌዳውን ተሳልመው፣ ‹ከዳነችማ ትመጣለች› ብለው ተመለሱ። እስካሁን እየጠበቋት ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አፌን ልከፍት አቃተኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ያቃተኝ።»

እጇን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም።

አቶ ሰይፈሚካኤል ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሦስቱ ጆሮዎች ደረታቸው ላይ ይርገበገባሉ፤ ደረታቸው ነው የሚንቀጠቀጠው። ዓመቱን ሙሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለው አንገታቸው ቀስ እያለ ቀና አለ፣ ሲቃና ቋ ሲል ሰማሁት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ይገባኛል» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። ብድግ አሉ፤ ጃንጥላቸውን በር ጥግ ትተው፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። የሄዱት ወደ ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ቁልቁል፣ ወንዙ ወዳለበት ነው።

እጹብ በመስኮቱ አየቻቸው። እጄን ለቀቀች። እኔ ልከተላት ነጠላዬን ላጣፋ እጄን ሰደድኩና መልሼ ሰበሰብኩት። እሷ ጃንጥላውን አነሣች፣ አረንጓዴውን ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ከኋላቸው እየሮጠች ወጣች።